ደማቸውን ሰጡ፣ ወረቀቱ ተቆለፈባቸው

ወገኖቼ፣ ድኅረ ምረቃ የምትማሩም፣ የምታስተምሩም፣ "ይሄ የምሁራን ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ" ብላችሁ የምታልፉም፣ ካልተከፈለ ስለማይነበቡ የጥናት ጽሑፎች ዛሬ አንድ ጊዜ ስሙኝ።

ኢቦላ እ.ኤ.አ. በ2014 ላይቤሪያ ሲገባ፣ በሽታው ለምዕራብ አፍሪካ አዲስ ነው ይባል ነበር። ወረርሽኙ ሲያበቃ በአካባቢው ከ11,000 በላይ ሰው አልቋል። ሕመምተኛ ሲያስታምሙ የሞቱ ሐኪሞችና ነርሶች ብዙ ናቸው። በ2015 የላይቤሪያ ጤና ሚኒስቴር ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር በርኒስ ዳን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በጋዜጣ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ካነበብኩት ጀምሮ ከልቤ አልወጣም።

በ1982፣ ወረርሽኙ ከመምጣቱ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ አውሮፓ በሚታተም ጆርናል ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ተመራማሪዎቹ የላይቤሪያውያንን ደም መርምረው የኢቦላ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚሠራውን መከላከያ፣ አገኙበት። ላይቤሪያ ኢቦላ ካለባቸው አገሮች መቆጠር አለባት፣ የጤና ባለሙያዎቿም ይህን ሊያውቁ ይገባል ብለው ጻፉ። ሊያውቁ ይገባል የተባሉት ሰዎች ግን አላወቁም። እነ ዶክተር ዳን ካገኟቸው መሰል ጥናቶች አንዱንም አብሮ የጻፈ ላይቤሪያዊ አልነበረም። በ2015 እንኳ አንዱን ለማውረድ 45 ዶላር ይጠየቅ ነበር፤ እዚያ የአንድ ሐኪም የግማሽ ሳምንት ደመወዝ ማለት ነው።

ወረቀቱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር አልልም። አንብቦ የሚሠራበት፣ ላቦራቶሪና በጀት ያለው ሰውም ያስፈልግ ነበር። ግን ደሙ ከክንዳቸው ተቀድቶ፣ የደሙ ነገር ለእነሱ በገንዘብ መሸጡን ይቅር ማለት አልቻልኩም። አንድ ነርስ ጓንት አጥልቃ ወደ ሕመምተኛ ስትጠጋ፣ ምን እንደሚጠብቃት የሚናገረው ወረቀት በሌላ አህጉር ተቆልፎ ነበር። ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቅሳለሁ።

ቁጣዬን አሳታሚዎቹ ላይ ብቻ ጥዬ ብሄድ ይቀለኝ ነበር። ግን የቆለፈው እጅ የእኛም ነው። ጽሑፉን በነጻ እንሰጣለን፣ የሌላውን በነጻ ሪቪው እናደርጋለን (ከመታተሙ በፊት እንገመግማለን)፣ በመጨረሻም የቅጂ መብት ማስተላለፊያ ውሉን ሳናነብ እንፈርማለን።

ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ። ለማስተርስ ጥናቴ አንዲት ነርስ በምሳ ሰዓቷ መጠይቄን እየሞላች፣ ኅዳጉ ላይ ስልኳን ጻፈችልኝ። "ውጤቱ ሲወጣ እንዳትረሳኝ" አለች። ጽሑፉ ሲወጣ ደስታ አሰከረኝ፤ ሊንኩን ላኩላት። በማግስቱ ደወለች። "ወንድሜ፣ ክፈይ ይለኛል። የሰጠሁህ መልስ እኮ ነው!" አለችኝ። አፍሬ "እልክልሻለሁ" አልኳት። አልላክሁም። ሕግ የምተላለፍ መስሎኝ ፈራሁ፤ ከዚያ መመረቂያ ደረሰ፣ ረሳሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው ያንን ውል ከፍቼ ያነበብኩት። ሪቪው ያለፈውን፣ ጆርናሉ በራሱ መልክ ያላዘጋጀውን የራሴን ቅጂ፣ ከታተመ ከ12 ወር በኋላ የዩኒቨርሲቲያችን ሪፖዚተሪ (ለሁሉ ክፍት የሆነ የኢንተርኔት የጥናት ማከማቻ) ላይ መጫን እንደምችል በግልጽ ይላል። አንድ አንቀጽ ነበር። ጫንኩት፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀም። ልነግራት ስደውል ስልኳ አይሠራም።

እባካችሁ፣ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ አንቀጽ አለው። የጥናት ጽሑፍ በኢንተርኔት ለሁሉ በነጻ ይነበብ የሚለው የቡዳፔስቱ የክፍት ተደራሽነት ጥሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው! የራስን ቅጂ ለሁሉ በክፍት ማስቀመጥ ያኔም ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ተብሎ ተጽፏል። እናንተ መምህራን፣ ዕድገት ስትሰጡ የጆርናሉን ስም ብቻ አትዩ፤ ተማሪው የሚፈራው እናንተን ነው። እናንተ ግብር ከፋዮችም፣ ባወጣችሁት ገንዘብ የተጠናውን "የት አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ አንብባችሁ እንደምታልፉ አውቃለሁ። እኔም ስንቱን አንብቤ አልፌያለሁ። ግን አንዳችሁ እንኳ ዛሬ ማታ አንድ ፒዲኤፍ ብትጭኑ፣ የሆነ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሆነች ነርስ ትከፍተው ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ጽሑፌን ነገ እጭናለሁ። ያንን ስልክም እንደገና እሞክራለሁ።