ሊጥ የተለጠፈበት አውሮፕላን

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ የልጆች ሳይንስ ክበብ ትሄዳለች። አንድ ሰሞን ትምህርቱ ስለ በረራ ነበር። እኔም ከኋላ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

አስተማሪዋ ብዙ አላወራችም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ክምር ወረቀት አስቀምጣ "እጠፉና ወርውሩ" አለቻቸው። የልጄ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ቆም አለና ዘጭ! አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ "ለምን ይመስልሻል?" አለቻት። መልሱን ታውቀዋለች እኮ። ግን አልነገረቻትም። ልጄ አፍንጫው ላይ አግራፍ ሰካችበት። አሁን ደግሞ በአፍንጫው ተተከለ። የክንፉን የኋላ ጠርዝ ትንሽ ወደ ላይ አጠፍ ስታደርገው ክፍሉን አቋርጦ ሄደ። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። ማንም አላቻኮላትም።

ጥር 2015 ለጥምቀት ጎጃም ገባሁ፤ ደንበጫ፣ እህቴ እታለም ቤት። የመጨረሻ ልጇ ያኔ አስር ዓመቱ ነበር። አውሮፕላን ልሥራልህ፣ ወረቀት አምጣ አልኩት። ከደብተሩ መሃል ሊገነጥል ሲል እናቱ ከጓዳ "እንዳትቀድ!" ብላ ጮኸች። እኔም በእሱ ዕድሜ ደብተር ቀድጄ ተገርፌያለሁ። አልፈረድኩባትም፤ ደብተር በገንዘብ ነው የሚገዛው። በመጨረሻ በቀይ እስክሪብቶ የታረመ የአምና ፈተና ተገኘ።

አጥፈን ወረወርነው። ይሄም አፍንጫውን ቀስሮ ወደቀ። አግራፍ የለም። ልጁ ጓዳ ገብቶ ከቡሃቃው ጥፍር የምታህል ሊጥ ይዞ መጣና አፍንጫው ላይ ለጠፋት። እኔ አልነገርኩትም። ምን አስበህ ነው ስለው "አፉ ቀለለውና ነዋ ሽቅብ የሚሄድ" አለኝ። ያቺን ቅጽበት አልረሳትም።

በማግስቱ አውድማ ወረድን። አጎቴ የተወቃውን ስንዴ በመንሽ እያነሱ ለነፋስ ይበትናሉ። ነፋሱ ሲጠፋ መንሻቸውን ተደግፈው ይጠብቃሉ። ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል፣ ገለባው ራቅ ብሎ ያርፋል። ከላይ አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ይዞራል፤ ሽቅብ የሚያወጣው ከሞቀው መሬት የሚነሳው አየር ነው። ይህ ልጅ አየር ምን እንደሚሠራ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያይ ነው ያደገው።

ስለዚህ የጎደለን ዕቃ አይመስለኝም። ጭንቅላትማ ጭራሽ አይደለም። የጎደለው አጠገቡ ቁጭ ብሎ "ለምን ይመስልሃል?" የሚለው ትልቅ ሰው ነው። እኛ "ጨዋታህን ትተህ አጥና" ነው የምንለው። እኔ ራሴ ስለ ክንፍ የተማርኩትን ከሰሌዳ ገልብጬ፣ ሸምድጄ ፈተና አልፌበታለሁ። የሸመደድኩት ደግሞ ስህተት ነበር። ክንፉ ጋ ለሁለት የሚከፈለው አየር ከኋላ እኩል ለመድረስ ሲል የላይኛው ይፈጥናል የሚለውን ማለቴ ነው። እኩል አይደርስም፤ የላይኛው ቀድሞ ያልፋል። ክንፍ አየሩን ወደ ታች ይመልሰዋል፣ አየሩም ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ስህተት ፈረንጅ አገርም መጻሕፍት ውስጥ አለ። እጅን ከመኪና መስኮት አውጥቶ ትንሽ ማዘንበል ግን የትም አገር ቢሆን እውነቱን ያሳያል።

ዋሽንግተን በሚገኘው የአየርና የኅዋ ሙዚየም ውስጥ የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን አለ። እንጨትና አቡጀዲ ነው። ሰዎቹ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ፤ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ እንኳ አልነበራቸውም። በፈረንጆች 1901 ነፋስ የሚያልፍበት የእንጨት ሳጥን ሠርተው ወደ 200 የሚጠጉ የክንፍ ቅርጾችን ሞከሩ። በ1903 የመጀመሪያ በረራቸው 12 ሰከንድ ቆየ፣ 37 ሜትር ገደማ ሄደ። የእኔ እህት ልጅ ሊጥ ለጥፎ ያደረገው ከዚህ ሥራ ጋር ዘመድ ነው፤ ከልቤ ነው የምለው።

የሳይንስ ክበብ ያላችሁ መምህራን፣ የታረሙ የፈተና ወረቀቶችን አትጣሉ። አንድ ገመድ ለመለኪያ፣ የአንድ ሰዓት ጊዜ ለልጆቹ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ጎጃም ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የእህቴ ልጅም ቤት ውሏል። ባለፈው ስደውል የፈተና ወረቀት ስለሌለ ከስሚንቶ ከረጢት እየሠራ መሆኑን ነገረኝ። ወረቀቱ ይወፍራል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ክንፉን አስፍቶታል። "አስራ አራት እርምጃ ሄደልኝ" አለኝ።