ገንዘቡ አለ፣ መክፈያው የለም

ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለን፣ ከበዓል ልብሳችን ሳይቀር ቀንሰን ያጠራቀምነውን ብር ይዘን፣ ይኸው እኔና ጓደኛዬ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለችው ሲሸልስ ለሽርሽር ለመሄድ ሦስት ወር ሙሉ መክፈያ አጥተን እንንከራተታለን። ትናንትም እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከስልኬ ጋር ስታገል ቆይቼ ሳይሳካልኝ ተኛሁ። ቆሽቴ አርሯል። ስለዚህ ልጻፈው፣ ቢያንስ ይውጣልኝ።

እኔ ጎንደር የምኖር አስተማሪ ነኝ። ጓደኛዬ አራዳ ገበያ የሀበሻ ቀሚስ ትሸጣለች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነን። ሁለታችንም ባሕር አይተን አናውቅም። ጎርጎራ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ጣናንም እወደዋለሁ፣ ባሕር ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ስለ ማዕበል ሳስተምር አንዷ ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?" አለችኝ። አላየሁም አልኳት። ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩና "ባሕር እንይ" አልኳት። "መቼ?" ብቻ አለች።

ሲሸልስን የመረጥነው በግምት አይደለም። ለእኛ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ልሂድ ብል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መንገዱ ደግሞ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ከአዘዞ በአውሮፕላን፣ አዲስ አበባ አድረን፣ በማግስቱ ወደ ማሄ። አገሪቱ 115 ደሴቶች አሏት። ትልቁ ማሄ ነው፣ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዚያው ናት። ከማሄ ፕራስሊን በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፕራስሊን ላ ዲግ ሩብ ሰዓት። ላ ዲግ ላይ መኪና እንደ ልብ የለም፣ ሰው የሚሄደው በብስክሌት ነው። ጓደኛዬ ብስክሌት መንዳት የተማረችው ለዚህ ብላ ነው፣ በ36 ዓመቷ፣ በየሰንበቱ ማለዳ አዘዞ ሜዳ ላይ እየወደቀች እየተነሳች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቼዋለሁ። ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ለእኛ ቀልድ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ዕቅዳችን ማሄ ሁለት ሌሊት፣ ፕራስሊን ሁለት፣ ላ ዲግ ሁለት ነበር። ዕቁቡን መስከረም 2016 ስንጀምር አንድ ዶላር በባንክ 55 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ዕጣው ደግሞ ለእኛ የደረሰን መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ከ150 በላይ ነው። ስድስቱ ሌሊት አራት ሆነ። ማሄን ቀነስን፣ ከአውሮፕላን ወርደን በዚያው ወደ ጀልባው ልንሄድ ነው። እሺ፣ ይህን ተቀብለናል። ውድ ሆነ ብዬ አይደለም የምጮኸው። ውድ ከሆነ ጨምረን እንሠራለን፣ እኔም ማታ ማታ ጥናት እያስጠናሁ ነው የቆየሁት።

የምጮኸው የቀረውን ብር መክፈል ስላልቻልኩ ነው!

ማደሪያ መርጠን፣ ቀን መርጠን፣ ስማችንን በፓስፖርታችን ላይ እንዳለው አንድ በአንድ ጽፈን፣ መጨረሻ ላይ ካርድ ይላል። ፒያሳ ካለው ማሽን ብር የማወጣበትን ካርድ አስገባሁ። ትንሽ ይሽከረከርና "ካርድዎ ተቀባይነት አላገኘም" ይላል። የጓደኛዬን አስገባን፣ ያው ነው። የወንድሜን ለመንን፣ ያው። ለካ እነዚህ ካርዶች ከአገር ውጭ ላለ ክፍያ አልተከፈቱም። ባንክ ሄድኩ። ለውጭ ክፍያ የሚሆነው ካርድ የሚሰጠው የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላለው ነው ተባልኩ። የውጭ ምንዛሪ ከየት አመጣለሁ? እኔ ደመወዜ በብር ነው። "እንግዲያው ዶላሩን በጥሬው ስጡኝ" ስል "ትኬት አምጪ" አሉኝ።

ትኬቱን በብር መቁረጥ ይቻላል፣ እሱ ላይ ምንም ችግር የለም። ግን አስቡት፣ ትኬቱን ከቆረጥኩ በኋላ ማደሪያው ባይሳካስ? ሲሸልስ ቪዛ ባትጠይቅም ከመሳፈርህ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ሙላ ትላለች። ፈቃዱ የደርሶ መልስ ትኬትና የተረጋገጠ ማደሪያ ይፈልጋል። ክፍያውም ከ10 ዩሮ ጀምሮ ነው፣ እሱም በካርድ። ማደሪያው ካርድ ይፈልጋል፣ ፈቃዱ ማደሪያና ካርድ ይፈልጋል፣ ዶላሩ ትኬት ይፈልጋል፣ ትኬቱን ቆርጬ ሌላው ባይሆን የሁለት ዓመት ዕቁብ ገደል ገባ። ሦስት ወር ሙሉ የዞርኩት ይህንን ነው። የባንኩ መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ አልወቅስም፣ የታዘዘችውን ነው የነገረችኝ፣ በትህትና ነው ያናገረችኝም። ግን "እህቴ፣ ለምንድን ነው የምትሄዱት?" ብላ ስትጠይቀኝ "ለመዝናናት" አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ አጠገቧ ያለውን ልጅ አየችው። ያቺ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ይህን ነገር በደንብ ልናገረው። ሁለት ሴቶች ፓስፖርት ይዘው ሲታዩ ወዲያው የሚመጣው ዓረብ አገር ነው። የሰፈር ሰው "ለማን ነው የምትሠሪው?" ይለኛል። እናቴ ሳትቀር "ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ልትቀሪ ነው?" ብላ አልቅሳለች። አልፈርድባትም። ከሰፈራችን ስንት እህቶቻችን ሄደው ምን እንደሆኑ ታውቃለች። ግን አንዲት ጎንደሬ አስተማሪ በራሷ ብር አራት ሌሊት ባሕር አይታ ልትመለስ ትችላለች ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል? የእረፍት ፈቃድ ወረቀቴን፣ የሥራ ደብዳቤዬን፣ የባንክ መግለጫዬን በአንድ ክላሰር አድርጌ ይዣለሁ፣ አየር ማረፊያ ላይ እንዳያስቀሩን። ሽርሽር ለመሄድ ክላሰር!

ወደ ክፍያው ልመለስ። "ኤጀንት ጠይቂ" ትሉኛላችሁ። ጠየቅኩ። በአማርኛ ስለ ሲሸልስ የሚገኘው ነገር ቢበዛ የባሕር ፎቶና ከሥሩ "ለዋጋ ኢንቦክስ" ነው። ኢንቦክስ ስታደርጉ ደግሞ ዋጋ የለም፣ "ደውሉ" ነው። ስትደውሉ "ስንት አላችሁ?" ነው። ዋጋውን ለምን አትጽፉትም? ጎንደር ያለ ሰው ቢሯችሁ ድረስ መጥቶ መከራከር እንደማይችል ስለምታውቁ ነው? አንዱ በቴሌግራም "የውጭ ካርድ አለኝ፣ እኔ እከፍልላችኋለሁ" አለንና 12 ሺህ ብር ቅድሚያ ላክንለት። የማደሪያ ማረጋገጫ ብሎ አንድ ወረቀት ላከልን። ጓደኛዬ ጠርጣራ ናት፣ ተመስገን! ለማደሪያው በቀጥታ ጻፈችላቸው። በስማችን የተያዘ ክፍል የለም ብለው መለሱ። ልጁ ቁጥራችንን ዘጋው። ብሩ ከሄደው በላይ የሚያመኝ፣ ወደ እሱ የገፋን በሕጋዊ መንገድ መክፈል አለመቻላችን ነው።

ስለ ቢጫ ካርዷም ልናገር፣ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ከእኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሲሸልስ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እኔ ከ12 ዓመት በፊት ተከትቤያለሁ። ክትባት የሚሰጡትን ስጠይቅ "አሥር ዓመት አልፎታል፣ እንደገና ተከተቢ" አሉኝ። እሺ ብዬ ቤቴ ገብቼ ሳነብ፣ ከሐምሌ 2016 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ዕድሜ ልክ ይሠራል ይላል፣ የድሮው ካርድም ጭምር። ተመልሼ አሳየኋቸው፣ ተቀበሉኝ። ጓደኛዬ ግን ከነጭራሹ አልተከተበችም፣ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድማ መውሰድ አለባት። በመጨረሻው ሳምንት ይደርሳል ብላችሁ እንዳትቀመጡ።

ወቅቱም አልሆነልኝም። የሲሸልስ ባሕር ጸጥ የሚለው ሚያዝያ አካባቢና ኅዳር ገደማ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ ጀልባው ይናጣል፣ አንዳንዱ ዳርቻ የባሕር አረም ይሞላዋል። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ዝናብ ነው። አስተማሪ የሚያርፈው ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። በሚያዝያ አምስት ቀን ፈቃድ ጠይቄ "ፈተና ደርሷል" ተባልኩ። ልክ ናቸው፣ ልጆቹን ትቼ አልሄድም። ስለዚህ በሐምሌ፣ ከነነፋሱ።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝን ልናገር። ባለፈው ቅዳሜ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር ሳልፍ ሁለት ቱሪስቶች ስልካቸውን ይዘው ቆመው ነበር። አንዷ የት ነው ማደሪያችሁ ስላት በስልኳ አሳየችኝ። ከአገሯ ሳትነሳ የያዘችው፣ የከፈለችው፣ ጎንደር ያለ ክፍል ነው። ደስ አለኝ፣ ይምጡልን፣ ከተማችን ስንት ጊዜ እንግዳ ናፍቋታል። ፋሲል ግቢ እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ነው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው። ፕራስሊን ላይ ያለው የቫሌ ደ ሜ ጫካ፣ ያ እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን የኮኮ ደ ሜር ዘር የሚበቅልበት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1983 ነው የገባው። አንድ መዝገብ ላይ ናቸው። እሷ ከቤቷ ሆና የእኔን ከተማ ማየት ስትችል እኔ ከቤቴ ሆኜ የ10 ዩሮ ፈቃድ መክፈል ያልቻልኩት ምን ስለጎደለኝ ነው? ብሩማ አለኝ።

ሐሙስ ማታ አንድ ነገር ተከፍቷል። ላ ዲግ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ላላት ሴት ጓደኛዬ ሁሉንም ነገር ሳትደብቅ ጻፈችላት። ካርዳችን አይሠራም፣ ስንደርስ በጥሬው እንክፈልሽ አለቻት። ሴትየዋ በማግስቱ ማለዳ መለሰች፣ የማረጋገጫ ደብዳቤውን ስማችንን ጽፋ አያይዛ፣ "ብስክሌቶቹን በር ላይ አቆምላችኋለሁ" ብላ። ጓደኛዬ ሱቋን ሳትከፍት ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ በአጥሩ በኩል ስልኩን አሳየችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን የቀረን የፕራስሊን ሁለት ሌሊት፣ የፈቃዱ ክፍያና ጀልባው ነው። በሐምሌ ወይ በነሐሴ የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የጀልባውን ትኬት ማሄ ወደብ ላይ በዚያው ቀን በጥሬ ገንዘብ ማግኘት ይቻላል ወይስ ይሞላል? ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ሆናችሁ በምን ከፈላችሁ? ዋጋውን፣ የባንኩን አሠራር፣ የጠየቋችሁን ወረቀት እዚሁ በግልጽ ጻፉት፣ ሌላውም ሰው ያንብበው። ኢንቦክስ ግን አትበሉኝ።