ነቄው ሆይ፣ ሺህ ዓመት ያንግሥህ

ሳይንስ ስንት ሰው እንዳመለጠው የሚገባችሁ ነቄው ፊልም ሲያይ አጠገቡ ስትቀመጡ ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይገኝም። መንኮራኩሯ ጠፈር ላይ ፈንድታ «ቡም» ካለች ፊልሙ ይቆማል፣ ትምህርቱ ይጀመራል። «ጠፈር ላይ አየር የለም፣ አየር ከሌለ ድምፁ በምን መጣ?» ልክ ነው። አንዲት ቃል አልሳተም። ማርስ ላይ ማዕበል ተነስቶ ሮኬት ሊገለብጥ ሲል ደግሞ ሪሞቱን ይነጥቃችኋል። የማርስ የአየር ግፊት የምድርን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ነፋስ ቢበዛ አቧራ ቢያስነሳ ነው ይላል። ይኼም ልክ ነው!

ዳይኖሰር ላይማ አይቻልም። ቲ-ሬክስ በጁራሲክ ዘመን አልኖረም፣ እሱ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው የክሬቴሺየስ ዘመን ነው፣ የጠፋውም ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዲኤንኤስ? እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት አጥንት ውስጥ ያለ ዲኤንኤ በየ521 ዓመቱ ግማሽ በግማሽ እየፈረሰ እንደሚሄድ ተሰልቷል፣ ስለዚህ ፊልሙ እንደሚለው ከትንኝ ሆድ በወጣ ደም ዳይኖሰር አይቀዳም። ዓመተ ምህረት ጠቅሶ፣ ቁጥር ጠቅሶ ነው እንግዲህ። ምስኪን ፊልም ሠሪ! ተረት ላውራ ብሎ ወጥቶ ምስክር አቅርብ ተባለ።

ፊልሙ ያልቃል። ይኼው ሰው፣ በዚሁ አፉ፣ ወደ ጥንት ታሪክ ይዞራል።

«ፒራሚዱን ሰው አልሠራውም፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን፣ ኤሊየኖች ናቸው የሠሩት።» አለቀ። ማስረጃ? ቪዲዮ አለ። ከጀርባው የሚያስፈራ ሙዚቃ ያለው፣ ድምፁ ወፈር ያለ ሰው «ለምን ይሆን የሚደብቁን?» እያለ የሚጠይቅበት ቪዲዮ። ነቄያችን ለልብ ወለድ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ለታሪክ ግን ሙዚቃ ይበቃዋል። ይኼን ሚዛን ያገኘው ከየት እንደሆነ ባላውቅም አደንቀዋለሁ።

አንዳንድ የዋህ ደግሞ ይከራከረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል-ጃርፍ በሚባል ቦታ ፓፒረስ፣ ማለትም የጥንት ግብፃውያን የደንገል ወረቀት፣ ተገኝቷል፣ መረር የሚባል የጓድ አለቃ የሥራ መዝገብ ነው፣ ታላቁን ፒራሚድ ባሠራው በፈርዖን ኩፉ ዘመን፣ ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ማውጫ የኖራ ድንጋይ በጀልባ እየጫነ ፒራሚዱ ወዳለበት ወደ ጊዛ ሲያመላልስ ቀን በቀን ጽፎታል ይለዋል። ነቄው ፈገግ ይላል። «እና የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ነው?» ይህን የሚለው ስልኩ ላይ ቪዲዮውን ከፍቶ እያሳየ ነው።

የሠራተኞቹ መንደር እኮ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ዳቦ መጋገሪያው ሳይቀር። መቃብራቸው እዚያው ጊዛ ነው፣ አጥንታቸው ላይ የከባድ ሸክም ጉዳት ይታያል፣ ተሰብሮ የተጠገነና የዳነ እጅም ተገኝቷል።

«አስቀምጠውት ነው።»

እነማን?

«እነሱ።»

እነዚህ «እነሱ» የሚባሉት ሰዎች ትጋት ግን አይገርማችሁም? መንደር ይቀብራሉ፣ አጥንት ሰብረው ይጠግናሉ፣ ፓፒረስ ላይ የማንም ዓይን የማያነበውን የጭነት ሒሳብ ይሞላሉ፤ ይህን ሁሉ ለፍተው ሲያበቁ አንድ ባለ ሙዚቃ ቪዲዮ ማስቆም ያቅታቸዋል።

እኔ በግሌ የምወደው ስነፈሩን ነው፣ የኩፉን አባት። ዳህሹር ላይ ያሠራው ፒራሚድ ከታች 54 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይነሳና መሃል ሲደርስ ወደ 43 ገደማ ይወርዳል። ግንበኞቹ እንዳይናድባቸው ሰግተው ሐሳባቸውን የቀየሩ ይመስላል። ጎኑ እንደተጎበጠ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ከዚያ ስነፈሩ እዚያው አቅራቢያ ሌላ አሠራ፣ ያኛው ቀና። ልጁ ደግሞ የጊዛውን ታላቁን ሠራ። በሰው ቋንቋ ይኼ መማር ይባላል። በነቄው ስሌት ግን ኤሊየኖቹ ከከዋክብት መሃል ተነስተው፣ ያን ሁሉ መንገድ ስንዝር ሳይስቱ መጥተው፣ ዳህሹር ሲደርሱ ማዕዘን ጠፋባቸው። ምን ይደረግ፣ መንገድ ያደክማል።

ኤሊየኖቹ ደግሞ ቦታ ይመርጣሉ። የሮምን ኮሎሲየም ሮማውያን ሠሩት፣ በዚህ ላይ ነቄው ጥያቄ የለውም። ግብፅ፣ ፔሩ፣ ሜክሲኮ ሲባል ነው የሰው እጅ የማይበቃው። ለምን እንደሆነ ጠይቁት፣ ርዕስ ይቀይራል።

የዘመን ነገርም ቀላል አይደለም። እሱ ዘንድ ፈርዖኖች ሁሉ አንድ ሰፈር አብረው ያደጉ ናቸው። የግብፅ ንግሥት ክሊዮፓትራ የሞተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ነው፣ ያኔ ታላቁ ፒራሚድ ራሱ 2,500 ዓመት ያለፈው አሮጌ ሕንፃ ነበር፣ እሷም ከኩፉ ይልቅ ሰው ጨረቃ ላይ ለወጣበት ቀን ትቀርባለች ብትሉት...

ጨረቃ ማለት አልነበረብንም።

«ጨረቃ ላይ ማንም አልወጣም!» ባንዲራው ተወዛውዟል፣ ኮከብ አይታይም፣ ደግሞስ እ.ኤ.አ. በ1969 ምን ቴክኖሎጂ ነበር? አፖሎ የተባሉት የጨረቃ ጉዞዎች ያመጡት 382 ኪሎ ድንጋይና አፈር ይቅር፣ ጠፈርተኞቹ እዚያ ትተውት የመጡት መስተዋት ዛሬም ከምድር የተላከ ሌዘር እየመለሰ መሆኑም ይቅር። እኔን የማረከኝ ሒሳቡ ነው። ሰው 384,000 ኪሎ ሜትር መሄድ አይችልም፣ ይኼ ተረት ነው። ኤሊየን ግን ይመጣል። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን የሆነው ኮከብ ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፣ ቮዬጀር 1 የምትባለው መንኮራኩር በያዘችው ፍጥነት ያን ያህል ለመጓዝ ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። እነሱ ያን አቋርጠው መጥተው ምን ሠሩ? ድንጋይ ደረደሩ። ከዚያ ደህና ሁኑ ሳይሉ ሄዱ።

መቼም ሲጨንቀው የሚያመልጥባት በር አለችው። «እኔ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት።» መልስ ስታመጡ ግን ተቀባይ የለም። የመረርን ስም ሲሰማ ወደ ፔሩ ይሄዳል፣ ፔሩ ስትደርሱበት ባሕር ውስጥ ሰጠመች የምትባለው አትላንቲስ ነው፣ እዚያ ደግሞ የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶ ብቻውን ነው የሚጠብቃችሁ፤ ታሪኩን የጻፈው እሱ ነዋ፣ ያውም ለፍልስፍና ብሎ። «ደደብ» ብለው የሚሰድቡትም ይመስገኑ። ከስድቡ በኋላ ስለ ድንጋዩ የሚያወራ አይኖርም፣ እሱም ተገፋሁ ብሎ ተከታይ ይጨምራል።

በቀደም ዕለት ታዲያ አንዱን ነቄ ረጋ ብዬ ጠየቅኩት። «እሺ፣ የመጡበትን መንኮራኩር ማን ሠራላቸው?»

ከልቡ አዘነልኝ። «ራሳቸው ናቸዋ! ብረት አቅልጠው፣ ሒሳብ ሠርተው፣ እየተሳሳቱ እያረሙ፣ አባት ለልጅ እያስተማረ። ምን ነካህ? ጭንቅላት ያላቸው ፍጡራን እኮ ናቸው!»