የዙሪክ ጥላና የፒያሳ ጥላ

ዘንድሮ ለገና አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የሚጽፈው የእህቴ ልጅ አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ካፌ ወሰደኝና በሁለቱ ማኪያቶዎች መካከል አንድ ወረቀት ዘረጋ። ወረቀቱ በአምስት ዓምድ የተከፈለ ነው፤ «ጀግና»፣ «መካሪ»፣ «ጥላ»፣ «አታላይ»፣ «ደጃፍ ጠባቂ» ይላል። ከ«መካሪ» ሥር «ነጭ ፂም ያላቸው መነኩሴ»፣ ከ«ጥላ» ሥር ደግሞ «ሕንፃ የሚያሠራው ባለሀብት» ተብሎ ተጽፏል። የ«አታላይ» ዓምድ ገና ባዶ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ይሄን ነገር እዚያው ከምንጩ ተምረውታል፤ ምን ይጎድለዋል?» አለኝ። የዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ ቁንጽል ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ በከተማው መሐል ስመላለስ ያሰብኩትን እዚህ ላይ በወጉ ላስቀምጠው።

የምኖረው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኩስናኽት የምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ አለች፤ የሥነ ልቡና ሐኪሙ ካርል ጉስታቭ ዩንግ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ በ1961 እስኪሞት ድረስ የኖረው እዚያ ባሠራው ቤት ውስጥ ነው። በቤቱ በር አናት ላይ በላቲን «ተጠራም አልተጠራም እግዚአብሔር ይገኛል» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል። መጀመሪያ ያነበብኩት ዕለት ትዝ ያለችኝ ደጃፏን ሳታማትብ የማትሻገረው አያቴ ናት።

የዩንግ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሰው የግል ትዝታ በታች የሰው ልጅ ሁሉ የሚጋራው ድብቅ የአእምሮ ክፍል አለ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እናት፣ ሽማግሌ፣ ጀግና፣ አታላይ፣ ጥላ የመሳሰሉ አርኪታይፖች፣ በእኛ አነጋገር ጥንተ አምሳሎች፣ ይገኛሉ፤ ሕልምም ተረትም ከእነዚህ ይቀዳል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን እሱ ራሱ አጥብቆ ያስጠነቀቀው ነገር ነው። ጥንተ አምሳል የተሞላ ሥዕል ሳይሆን ባዶ ቅርጽ ነው። ዩንግ ይህን ሲያስረዳ ገና ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ያለ ማዕድን ጠጥሮ ሲወጣ የሚይዘውን ቅርጽ በምሳሌነት ያነሣል፤ ቅርጹ አስቀድሞ የተወሰነ ቢሆንም እያንዳንዱ ጠጠር መጠኑና መልኩ ይለያያል። መልኩን የሚሰጠው አገሩና ዘመኑ ነው ማለት ነው።

ይህ የሐኪም ሐሳብ ወደ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ የመጣው በሌሎች ሰዎች በኩል ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የዓለምን ተረቶች አንድ ላይ አድርጎ የጀግናውን መውጣት፣ መፈተንና መመለስ አንድ ጉዞ አደረገው። ክሪስቶፈር ቮግለር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዲዝኒ በተባለው የፊልም ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ያንን ወደ ጥቂት ገጽ ማስታወሻ አሳጠረው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የእህቴ ልጅ ወረቀት የዚህ የልጅ ልጅ ነው። እኔም ዙሪክ ውስጥ በማታ የድርሰት ትምህርት የተማርኩት ይህንኑ ነበር፤ አስተማሪያችን ነጭ ሰሌዳው ላይ ክብ ትሠራና በክቡ ዙሪያ ገጸ ባሕርያቱን ታስቀምጥ ነበር። ዘዴው ለጀማሪ በእርግጥ ይረዳል፤ ታሪኩ የት ላይ እንደቆመ ለማወቅ ካርታ ይሆናል። ቮግለር ግን ጥንተ አምሳሎቹን ገጸ ባሕርይ እንደ አስፈላጊነቱ የሚያጠልቃቸውና የሚያወልቃቸው ጭንብሎች ናቸው ነው ያለው። በወረቀቱ ዓምዶች ውስጥ ግን ጭንብሉ ፊት ሆኖ ቀርቷል።

የነገሩ ቁልፍ ያለው «ጥላ» የሚለው ቃል ላይ ይመስለኛል። ዙሪክ ውስጥ በጀርመንኛ «ሻተን»፣ ማለትም ጥላ፣ ሲባል የጨለማ ነገር ነው፤ ሰው ከራሱ የሚደብቀው፣ «ይህስ የእኔ አይደለም» ብሎ የካደው የገዛ ባሕርዩ። በልቡ የሚቀና ሰው ቅናትን ሌላው ላይ ሲያይ ከልክ በላይ የሚቆጣው ለዚህ ነው ይላሉ። በአማርኛ ግን ጥላ መጀመሪያ መጠለያ ነው። ፀሐይ የመታው መንገደኛ ይፈልገዋል፤ የሚጸልይ ሰው «ከጥላህ ሥር አድርገኝ» ይላል። ቀጥሎ ጥላ ሰው በሌላው ዘንድ ያለው ግርማ ነው፤ «ጥላው ይከብዳል» የተባለ ሰው ሲገባ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ «ጥላ ቢስ» የተባለው ደግሞ ምንም ሳያጠፋ ይገፋል። እንዲያውም «ጥላ ወጊ» የሚባለው የሚፈራው ያንኑ ግርማ ወግቶ ሰውየውን ስለሚጥል ነው። ስለዚህ የእነሱ ጥላ ሰው ከራሱ የሚሰውረው ሲሆን የእኛ ጥላ ሌሎች በሰውየው ላይ የሚያዩት ነው። የእህቴ ልጅ ባለሀብቱን «ጥላ» ብሎ ሲጽፍ «ጠላት» ማለቱ ነበር። ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ቢቀራረቡም ምንጫቸው አንድ አይደለም፤ በግእዝ አንዱ ጽላሎት፣ ሌላው ጸላኢ ነው። የድራማው ባለሀብት በእርግጥ የጀግናው ጥላ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ጀግናው በልቡ የሚመኘውንና አልመኝም የሚለውን ነገር ይዞ መገኘት አለበት። እንዲህ ካልሆነ መንገድ ላይ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ተገፍቶ ይወገዳል እንጂ ተመልካችን እንቅልፍ አይነሳም።

ይህንን ሳስብ ደጋግሜ የተመለስኩት በ1958 ዓ.ም. ወደታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከሰማነው ትውልድ መካከል ፊታውራሪ መሸሻን በዓይኑ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ዩንግ ሰው ለአደባባይ የሚለብሰውን ማንነት «ፐርሶና» ይለዋል፤ በላቲን የተዋናይ ጭንብል ማለት ነው። አደጋው ሰውየው ከጭንብሉ ጋር አንድ ሲሆን ነው። በእኛ ዘንድ ማዕረግ ከስም ይቀድማል፤ ፊታውራሪ መሸሻም «ፊታውራሪ»ን አውልቀው «መሸሻ»ን ብቻ ሆነው የሚቀመጡበት ሰዓት የላቸውም። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር ያለው ሰው አጥተው ዕድሜዋን ያሳለፉት ክፉ አባት ስለሆኑ አይደለም፤ ይወዷታል። የሚወዷት ግን በጭንብሉ ውስጥ ሆነው ነው፤ በዚያ ቀዳዳ ደግሞ ልጅ አትታይም፣ ዘር ብቻ ይታያል።

በሌላ ወገን ጉዱ ካሳ አለ። በዙሪኩ ክብ ላይ ቢቀመጥ ያለ ጥርጥር «ጠቢቡ መካሪ» ነው፤ ለሰብለ ፍቅረኛ ለበዛብህም ለራሷ ለሰብለም መንገድ የሚያሳይ፣ የሥርዓቱን መበስበስ አስቀድሞ ያየ። ሕዝቡ ግን «ጉዱ» የሚል ቅጽል ሰጥቶታል፤ ይህም እንደ ፊታውራሪነት ያለ ማዕረግ ነው፣ ሰጪው ብቻ ይለያያል። አንዱ በተሰጠው ስም ውስጥ ታስሯል፤ ሌላው በተሰጠው ስም ከለላ እውነት ይናገራል፣ እብድ የተባለ ሰው ቢናገር ማን ይከሰዋል? የውጭው ትምህርት መካሪ ዘንድ ነጭ ፂምና ክብር ይጠብቃል። በእኛ ታላቁ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ጥበቡ የተቀመጠው ሰዎች በሚስቁበት ሰው ውስጥ ነው፤ ቅርጹ የሁሉም ሆኖ መልኩ የጎጃም ነው። ይህንን ያየ ወጣት ጸሐፊ ነጭ ፂም ያላቸውን መነኩሴ ከውጭ ፊልም የሚዋስበት ምክንያት አይታየኝም።

አታላይ የተባለውም እንደዚሁ ነው። በትምህርቱ አታላዩ ከሥርዓት ውጭ የሚኖር፣ ከዳር ሆኖ የሚያምስ ነው። የእኛ አለቃ ገብረ ሐና ግን የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ስማቸው ከተክሌ አቋቋም ጋር የሚነሳ፣ ከቅኔው መሐል የተቀመጡ ሰው። ሕዝቡ ቀልዱን ሁሉ በእሳቸው ስም ሲያወራ ሥርዓቱን ከውስጥ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በሰምና ወርቅ እንዲነካለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዩንግ በወንድ ውስጥ የሴት አምሳል፣ በሴት ውስጥ የወንድ አምሳል አለ ይላል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ጦቢያን የወንድ ልብስ አልብሶ መንገድ ያስወጣታል። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ በዛብህን ፍለጋ ትነሳለች። የጉዞው ጀግና «ወንዱ ነው» የሚለው የካምቤል ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም፤ የእኛዎቹ ደራስያን ለሴቷ መንገዱን ሲሰጧት ልብስ አስቀየሯት፤ ያ ልብስ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ብቻ ሳይሆን መንገዱን ስለዘጋባት ማኅበረሰብም ይናገራል። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ መጽሐፍ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ልዩነቱ በጸሐፊው ዘንድ ብቻ ሳይሆን በተመልካቹም ዘንድ አለ። ዙሪክ ቴያትር ሲያልቅ ሕዝቡ ያጨበጭብና ካፖርቱን ለብሶ በጸጥታ ይበተናል፤ ተዋናዩ ጭንብሉን እንዳወለቀ ሁሉም ያውቃል። በዚህ ጉብኝቴ አንድ እሑድ ከብሔራዊ ቴያትር ስንወጣ፣ ከአንበሳው ሐውልት አጠገብ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ክፉውን ባል የተጫወተውን ወጣት እጁን ይዘው «ምን በድላህ ነው እንዲያ ያስለቀስካት?» ሲሉት ሰማሁ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር ይበሉኝ እማማ» አላቸው፤ እሳቸውም ግንባሩን ሳሙት። ይህንን እንደ አለማወቅ የሚቆጥር ይኖራል። ለእኔ ግን ተመልካቿ ክፋቱን በመድረክ ላይ ዘግተው ለመሄድ እምቢ አሉ፤ ዕዳው በአደባባይ እንዲከፈል ፈለጉ። እንዲህ ላለ ተመልካች የሚጽፍ ሰው ኃላፊነቱ ከባድ ነው፤ በዓምድ ሞልቶ የሰጠው ክፉ ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ይሄዳል።

እኔ ራሴም ከእነዚህ ዓምዶች በአንዱ ውስጥ እንደምኖር ዘግይቶ ገባኝ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. በ«አዲስ ዓለም» ውስጥ አወቀ የሚባል ወጣት አውሮፓ ተምሮ እንዲመለስና ከዘመዶቹ ልማድ ጋር እንዲጋጭ አድርገዋል፤ ስሙ ራሱ ሚናውን ይናገራል። ካምቤል መመለስን የጉዞው መጨረሻ ያደርገዋል፤ ጀግናው ያገኘውን በረከት ለወገኑ ያካፍላል፣ ታሪኩ ይዘጋል። ለአወቀ ግን መከራው የሚጀምረው ሲመለስ ነው። ዘጠና ዓመት አልፎም ቤተሰብ ቤት ስቀመጥ ሰው ሁሉ ከእኔ ፍርድ ይጠብቃል፤ «እዚያ ቢሆን እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታው ይከተላል። የምመልሰውም ለሚናው የሚስማማውን እንደሆነ ታዝቤያለሁ፤ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ የአያቴ ቤት የነበረበትን ቦታ ለይቼ ማግኘት ባቃተኝ ቀን እንኳ ስለ አውሮፓ ከተሞች አሠራር ሳስረዳ ነበር ያመሸሁት። ማልቀስ ነበረብኝ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ከእህቴ ልጅ ጋር እዚያው ካፌ ተገናኘን። ወረቀቱን እንዲዘረጋ ከጠየቅሁት በኋላ፣ በሕይወቱ ውስጥ መክሮኝ ያውቃል የሚለውን ሰው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። ብዙ አሰበና «መካሪ እንኳ አይባሉም» ብሎ ዶሮ ማነቂያ ሳሉ እንጀራ ጋግረው ይሸጡ ስለነበሩ ጎረቤታቸው አወራኝ። ልጅ ሳለ ሲኒማ ኢትዮጵያ መግባት ሲያምረው አባቱን «እኔ ጋ ቁጭ ብሎ እያጠና ነው» ብለው ይዋሹለት ነበር። በምትኩ ግን ሲመለስ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጦ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መተረክ ነበረበት። አሳጥሮ ለመገላገል ሲሞክር አክንባሎውን ከፍተው በእንፋሎቱ ውስጥ እያዩት «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ሦስት ቀን ሙሉ የሚሮጠው ምን በልቶ ነው? እናቱስ የት ናት?» ይሉት ነበር፤ መልስ ካላገኘ ፈጥሮ ይነግራቸዋል።

«ታዲያ እኚህ ሴት የትኛው ዓምድ ናቸው?» አልኩት። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እንዳላያቸው ነገረኝና ዝም አለ። ከዚያ መነኩሴውን በእስክሪብቶ ሰረዛቸው። እጁ ወደ ባዶው የ«አታላይ» ዓምድ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ «መካሪ» ሄደ። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ የዓምዶቹን መስመሮች ሁሉ እያቋረጠ፣ «እትዬ» ብሎ በትልቁ ጻፈ።