በሕግ አምላክ ሲሉ ማን ቆመ?

ወገኖቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጽፈው እያልኩ የተውኩት ነገር ነው። እንቅልፍ ቢነሳኝ ጻፍኩት።

በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ረፋዱ ላይ፣ ወረፋ ይዘን ተቀምጠናል። አርባ ያህል እንሆናለን። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባለው በመስታወት ተለብጦ ተሰቅሏል፤ የትኛው አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ይዘረዝራል። ከሥሩ የሐሳብ መስጫ ሣጥን አለ፤ ቁልፉ ዝጓል። ከፊቴ የተቀመጡት እናት ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ሰነድ ታቅፈዋል። የሟች ባለቤታቸውን የቤት ካርታ በስማቸው ለማዞር መመላለስ ከጀመሩ ስምንት ወር እንደሆናቸው ቀደም ብለው አጫውተውኛል። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ቀጥሎ ሲስተም የለም ተባሉ። በመጨረሻ ፋይሉ ራሱ ጠፋ። እሳቸው ግን ሰነዱን ያስገቡበትን ማረጋገጫ፣ ማኅተም ያረፈበትን፣ በጥንቃቄ አስቀምጠው ነበር። «ዛሬ ይኼን ሳሳየው መቼም ያፍራል» አሉኝ።

አላፈረም።

መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ከልጃቸው አይበልጥም። ወረቀቱን በጨረፍታ አየና መለሰላቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ጠፍቷል ተብለሻል እኮ! ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ?» አላቸው። አንቺ! የኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያሉ እናት ስንት የአክብሮት ቃል አለው፤ እሱ አንዱንም ሊያወጣላቸው አልፈለገም። እሳቸው አሁንም በትዕግሥት «ልጄ፣ እዚህ ቢሮ ነው ያስገባሁት፤ ማኅተማችሁ ይኸውና» አሉት። ልጁ ፌስታሉን በእጁ ጀርባ ገፋው። ወረቀቶቹ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተንሸራትተው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ከመሐላቸው የአንድ ሽማግሌ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበረበት።

እናትየው ለመልቀም አላጎነበሱም። ወደ እኛ ዞሩ። «በሕግ አምላክ!» አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት፣ «በሕግ አምላክ! እዚህ ቤት ሰው የለም?»

ነበርን። አርባ ሰው ነበርን። አንዱ ስልኩን መነካካት ጀመረ፣ ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አንዲት ወይዘሮ ከንፈሯን መጠጠች። የጥበቃ ሠራተኛው መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ። ከተበተኑት ወረቀቶች አንዱ ጫማዬ ሥር ገብቶ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? እግሬን አነሳሁላቸው። ጎንበስ ብሎ ማንሣት እንኳን አልሆነልኝም።

ከዚያ «ቀጣይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀጣዩ እኔ ነበርኩ። ተነሣሁ። ልጁ ኮቴንና ክራባቴን አይቶ ነው መሰለኝ «ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ጉዳዬ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬው ወጣሁ። አመሰገንኩት! እኚያ እናት ገና በር ላይ ቆመው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። በአጠገባቸው አለፍኩ።

ይህን ቃል አያቶቻችን እንዴት ይጠቀሙበት እንደነበር እናውቃለን። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው የሰነዘረውን እጅ ይሰበስባል፤ እየሄደ ከሆነ ይቆማል። ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር፤ ያ መንገደኛም ጉዞውን ትቶ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው የሚነዳቸው ፖሊስ የለም። ያ ዘመን ፍትሕ የሞላበት ነበር አልልም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያለውም ያው ሕዝብ ነው። ግን ቃሉን የሰማ ሁሉ ሕጉ እኔንም ይመለከተኛል ይል ነበር። እኛ የወረስነው ቃሉን ብቻ ሆነ።

ሕግ አጣን እንዳትሉኝ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል። ሕዝብ በመረጠው ሰው ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ከመካከላችን ስንቶቻችን አንብበነዋል? የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ በደል ነው። የእኚያ እናት እንባ ግን የወረደው እኛ ፊት ነበር፤ የትኛውም ተቋም ከኛ አይቀርብም ነበር።

ዴሞክራሲ ሲባል አምስት ዓመት ቆጥረን ድምፅ የምንሰጥበት ቀን ብቻ ይመስለናል። በዚያ ቀንም ቢሆን ምን እንደሆንን አስታውሱ፤ በ2007ቱ ምርጫ 547 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት አንድም የተቃዋሚ ተወካይ ሳይኖርበት ተመሠረተ፣ እኛም ሰምተን ወደ ሥራችን ሄድን። ማታ ማታ እቤታችን ተቀምጠን መንግሥት እናወርዳለን፣ መንግሥት እንሾማለን። ጠዋት ጉዳይ ሲገጥመን ግን የመጀመሪያ ጥያቄያችን «እዚያ ቢሮ የምታውቁት ሰው አለ?» ነው። ያ ልጅ ያንን መስኮት ከሰማይ ይዞት አልወረደም። የኛው ልጅ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን እየሳቅን ስናወራ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ይሰማን ነበር። ለሻይ እያልን በእጁ የምናስይዘው እኛ ነን። ሲያመናጭቀን የምንለማመጠውም እኛው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ? ተንቀናል፤ ያስናቅነውም ራሳችንን ነው።

ፍርሃታችን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም ይህን የምለው። ቀበሌ የሚባለውን ነገር ያመጣው በ1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ብዙ ሳይቆይ ያው ቀበሌ በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣቶች ታስረው የሚገረፉበት፣ ከዚያም ወጥተው የማይመለሱበት ቤት ሆነ። እናቶቻችን ልጆቻቸውን እያጡ «ዝም አይነቅዝም» ማለትን አጥብቀው ያዙ። አልፈርድባቸውም፤ እኛን ያተረፉት በዚያ ዝምታ ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ በቀበሌው በር ፊት ሲያልፍ እርምጃውን ያፈጥን ነበር። ይህን ሳስታውስ ልቤ ይደማል፣ ቁጣዬም ይበርዳል። ግን ያን ቀን እኛን ያሰጋን ምን ነበር? ጠመንጃ የደገነብን አልነበረም። የፈራነው «የኔም ፋይል ይጠፋ ይሆን?» ብለን ነው። አባቴ ለነፍሱ የፈራውን ያህል እኔ ለአንዲት ፊርማ ፈራሁ።

አንድ ነገር ደብቄአችሁ ነበር። ከአርባው አንድ ሰው ተነሥቶ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች፣ ከአባቷ ጋር የመጣች ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ዘበኛው እናትየውን ሲጎትት ብድግ ብላ ወረቀቶቹን መልቀም ጀመረች። አባቷ ቦርሳዋን ይዞ «ተይ፣ ምን አገባሽ!» አላት። ቦርሳውን ከትከሻዋ አውልቃ እጁ ላይ ተወችለትና መልቀሟን ቀጠለች። ፎቶግራፉን በእጅጌዋ ጠርጋ ለእናትየው ሰጠቻቸው። እሳቸውም ጉንጯን ሳሟት። ከእኔ እግር ሥር የነበረውንም ያነሳችው እሷ ናት፤ ስታነሣው ቀና ብላ አየችኝ። ያ ዓይን ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ነገ ያችን ልጅ «ምን አገባሽ» ብላችሁ አታስቀምጧት። ይህን እለምናችኋለሁ። እናንተ መነሣት ባትችሉ እንኳ ቦርሳዋን አትያዙ። መጮኽ፣ መሳደብ፣ ወንበር መስበር አላልኩም። አንዱ ቆሞ «እኔም አይቻለሁ» ቢል፣ ሁለተኛው «ስሜን ጻፉልኝ፣ ምስክር ነኝ» ቢል ያ ልጅ ወረቀቱን ራሱ ወርዶ በለቀመው ነበር። የአርባ ሰው ፋይል በአንድ ቀን አይጠፋም።

እኔ ቢዘገይም ያየሁትን ጽፌ፣ ስሜንና ስልኬን አስፍሬ፣ ፈርሜ ይዤ ሄድኩ። ሣጥኑ ውስጥ አልጨመርኩትም፤ ከሥር ኮፒውን ይዤ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በማግስቱም ተመለስኩ፣ ነገ ይምጡ አሉኝ። እናትየውን በየወረፋው ፈለግኳቸው፤ አላገኘኋቸውም። ምናልባት ሌላ መስኮት ላይ ይሆናሉ፤ ምናልባትም ተስፋ ቆርጠው ቀርተዋል። ሲደክመኝ «ይኼ አገር አይለወጥም» የሚለው የጓደኞቼ አነጋገር አፌ ላይ ይመጣል፤ ያች ልጅ ትዝ ስትለኝ እመልሰዋለሁ።

ያን ቀን እዚያ ወረፋ ላይ የነበራችሁ ይህን ካነበባችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ነገ ጠዋት በ2፡30 ደብዳቤዬን ይዤ እዚያው በር ላይ እቆማለሁ። ከሥሩ ለሌላ ፊርማ የሚሆን ቦታ ትቼበታለሁ።