የሚቀቀል አፕል

ደሴ ውስጥ አፕል የታማሚ ምግብ ነው። ሰው ሲተኛብን ሁለት ፍሬ በፌስታል አንጠልጥለን እንሄዳለን። ጤነኛ ሰው አፕል ሲገምጥ ከታየ "ምን ሆነህ ነው?" መባሉ አይቀርም። እኔ ግን በጓሮዬ፣ ያውም ተቀቅሎ የሚበላውን፣ ልተክል ተነሳሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ይህን ሲሰሙ የሚቀዱትን ቡና ገታ አደረጉ።

"ተቀቅሎ? ድንች አልቆ ነው የኔ ጌታ?"

ብራምሌ ስለሚባለው የእንግሊዝ ዝርያ ነገርኳቸው። ጥሬው ጥርስ ያጠርሳል። እሳት ሲነካው ግን ፈርሶ ገንፎ ይሆናል። በፈረንጆቹ 1809 ዘሩን የተከለችው አንዲት ልጅ ናት። ኋላ ቤቱን የገዛው ሥጋ ሻጭ፣ ችግኝ ላባዛ ላለው ሰው "በስሜ ከተጠራ ውሰድ" አለው። በሱው ስም ቀረ።

"ምን ይደንቃል?" አሉ እትዬ። "አምስቱንም አምጬ የወለድኩ እኔ፣ የሚጠሩት በአባታቸው!"

ችግሩ፣ ብራምሌ ብቻውን አያፈራም። የሱ የአበባ ዱቄት ደግሞ ለሌላው አይረባም። ስለዚህ አንዱ ለሱ፣ ሌላው ለዚያኛው፤ በድምሩ ሦስት ዛፍ።

"አቦል፣ ቶና፣ በረካ በለኛ!"

ብርዱስ? ብራምሌ ለሳምንታት ካልበረደው አይተኛም፤ ካልተኛ በወጉ አያብብም። እትዬ ወደ ጦሳ ተራራ አገጫቸውን ቀሰሩ። ብርድ ሞልቶን! የደሴ ብርድ ግን እንደ ደሴ ሰው ነው። ሌሊት ይቆጣል፣ ረፋድ ላይ ይታረቃል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ መትከልማ ጭራሽ አይታሰብም።

በመጨረሻ አና የምትባለውን ዝርያ መረጥኩ። ለሞቃት አገር እስራኤል ውስጥ የተዳቀለች ናት፤ 300 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ይበቃታል። የአበባ ዱቄት ለሚሰጣት ጓደኛ ዶርሴት ጎልደን የሚባለውን ዝርያ አብሬ ገዛሁ። አና የጥሬ አፕል ናት፣ አውቃለሁ። ሳትበስል ከቀጠፏት ግን ኮምጣጣ ናት፤ ድስት አትጠላም።

"አና?" አሉ እትዬ። "በዓረብኛ 'እኔ' ማለት አይደል? ያኛው በስሜ አለ፣ ይቺ ደግሞ እኔ ትላለች!"

በተከልኩ በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ባለቤታቸው ጋሼ አካፋ ይዘው ጓሮዬ ቆመዋል። በአና ግንድ ዙሪያ አፈር ቆልለዋል። ላይኛው የአና እንጨትና ዛፉን የሚያሳጥረው ታችኛው ሥር የተጋጠሙበት ቋጠሮ የለም፤ ተቀብሯል።

"እግሯን በርዷት ነው" አሉኝ።

ቋጠሮው ከአፈር በላይ መታየት አለበት፣ ካልሆነ ላይኛው የራሱን ሥር ይሰድና ዛፉ ከቁጥጥር ውጭ ይገዝፋል ብዬ አስረዳሁ። ጋሼ አካፋውን ተደግፈው አሰቡበት። ከዚያ ዞረው የኛንና የነሱን አጥር በዓይናቸው ለኩ።

"ትግዘፍ" አሉ። "ወደኛ እስካዘነበለች ድረስ።"