ማን ሞተ?

ማክሰኞ ለታ ጎህ ሳይቀድ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዚህን አገር የንጋት ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ ከብርድ ልብስ ውስጥ እግር ማውጣት ራሱ ወኔ ይጠይቃል። ግን እኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት የሚጮህ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የእድር ጡሩምባ። ጋቢዬን ተከናንቤ "ማን ሞተ?" እያልኩ ወጣሁ። ጎረቤቶቼም ወጥተዋል። አንዷማ ማን እንደሞተ ሳትሰማ ማልቀስ ጀምራለች።

የሞተ የለም። አይሱዙ ላይ የተጫነ ሞንታርቦ ነው። "ምረጡን!" ይላል።

የየትኛው ፓርቲ እንደሆነ አልናገርም። ከሰዓት በኋላ የመጣው ሌላው መኪናም ጩኸቱ ያው ነው።

ይሁን፣ ምርጫ ነው ብለን አለፍነው። እሑድ ደግሞ የእድራችን ስብሰባ ላይ ከተፍ አሉ። በኛው ድንኳን፣ በኛው ወንበር። ኮፍያና ካናቴራ አደሉ። የእድራችን ዳኛ ሰው አክባሪ ናቸውና "እንግዶቻችን ትንሽ ይናገሩ" አሉ። ትንሿ ሁለት ሰዓት ፈጀች። ስለ አገር ግንባታ፣ ስለ ብልጽግና፣ ስለ መጪው ትውልድ ሰማን። ስለ ቦያችን ግን ቃል አልወጣቸውም።

ቦዩን ልንገራችሁ። ከደጃችን ያለው የጎርፍ መውረጃ ከተደፈነ ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። ሐምሌ ሲገባ ውሃው መንገዱን ትቶ በየቤታችን ይገባል። አምና አንዷ ጎረቤቴ ለበሶ ያስቀመጠችው ገብስ ሳታስበው ብቅል ሆነባት። ማመልከቻ አስገብተናል፤ አንዴ ሳይሆን ሦስቴ። "ኅብረተሰቡም ይሳተፍ" ተባልን፣ በየቤቱ 500 ብር አዋጣን። ደረሰኙ አለን። ቦዩ የለም።

በስብሰባው መጨረሻ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ አንተን ብመርጥህ የምትሄደው ወዴት ነው?"

"ፓርላማ ነው እማማ፣ አዲስ አበባ።"

"ቦያችንን የሚሠራው ማነው ታዲያ?"

"እሱ የቀበሌና የከተማው ሥራ ነው።"

"እነሱንስ የምንመርጠው መቼ ነው?"

ዝም። ልጁ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ አብረውት የመጡትን አየ። ከዚያ "ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይዘነዋል" አለ። ይዘውት ሄዱ።

እኔም ቤቴ ገብቼ ማስላት ጀመርኩ። ለቀበሌና ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠሁት ሚያዝያ 2005 ነው። በ2010 ይካሄዳል የተባለው ተራዘመ። በ2013 ስንሰለፍ የተሰጠን ወረቀት ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ብቻ ነበር። በ2005 ባለቤቴ አዝላት የተሰለፈችው ልጃችን ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልትፈተን ነው። ስለ ሩቁ ወንበር በየአምስት ዓመቱ እጠየቃለሁ። ደጄ ያለውን ቦይ ይጠርግ ወይም አይጠርግ የሚወስነውን ሰው ግን ማንም አልጠየቀኝም። 547 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ስለ እኔ ቦይ እንዲከራከርማ አልጠብቅም። የቅርቡን ሰው ስጡኝ ነው የምለው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ተጽፏል። እሰይ! ባለፈው የመረጥነውን ሰውዬ ስለዚሁ ቦይ ስንት ጊዜ ደወልንለት መሰላችሁ። እኛ እሱን ከቦታው ልናነሳው ቀርቶ እሱ የኛን ስልክ አላነሳም።

(በነገራችን ላይ፣ የቆርቆሮ አጥሬ ላይ አራት ፖስተር ለጥፋችኋል። ያስፈቀደኝ የለም። አንዱ የተለጠፈው ልጄ በኖራ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ብላ የጻፈችው ላይ ነው። ከፖስተሩ ሥር ምን እየሆነ እንደሆነ መጥታችሁ እዩ።)

ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት አራት ቀናት ቅስቀሳ ክልክል ነው። ከምርጫው ሁሉ የምወዳቸው እነዚያን አራት ቀናት ነው። ሞንታርቦው ዝም ሲል ጡሩምባውን በቅጡ እንሰማለን።

ብቻ ሰማዩ መዳመን ጀምሯል። እድራችን መክሮ ወስኗል፤ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቦዩን ራሳችን እንቆፍራለን። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ካናቴራውንም ልበሱት፣ ለጭቃ ይሆናል።